ስንት ናችሁ?

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» አለ ጂሩ፣ ሁለት ፕሬዠር ኩከር ከመደርደሪያው አውርዶ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ።

ሀያት አፏን ሳትከፍት ናኦሚ ቀደመቻት። «ሁለት ናቸው፤ እሷና እናቷ።»

«ሦስት ነን» አለች ሀያት።

ናኦሚ ምላሷን ነከሰች። የአከራያቸው የአዴ ድርቤ ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ነገር ሳታላምጥ ትናገራለች እንጂ ክፋት የሚባል አልፈጠረባትም። የሀያት ወንድም ሁዘይፋ አባታቸው ትቶላቸው የሞተውን ማሳ አይቼ ልምጣ ብሎ ወደ ኪራሙ የሄደው ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ግቢው ውስጥ እሱን ከሰው ቁጥር የምታስገባው እናቱ ብቻ ሆናለች።

«ሦስትም ብትሆኑ ይቺ ትበቃችኋለች፣ ልጄ፣ ኢንተላ ኮ» አለ ጂሩ ትንሿን እያስጠጋ። ነቀምት ውስጥ ዕቃ ሲሸጥ የሚመክር ነጋዴ ቢኖር እሱ ነው፤ ምክሩ ግን ከዕቃው ይረዝማል። «ድስት እንደ ጫማ ነው፤ ልክ ካልሆነ ያሠቃያል። ለጥቂት ሰው ብለሽ ትልቁ ውስጥ እፍኝ ቦሎቄ ብትጥዪ፣ ውሃው ያልቅና ከታች ያርራል። እስኪግልም ጊዜ ይፈጃል፣ መብራት ይበላል። ደግሞ ቦሎቄና አተር ሲሆን ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ አረፋው ወጥቶ መተንፈሻውን ይደፍነዋል። ይሄን ጎማ ታያለሽ? እሱ ከተሰነጠቀ…»

«ትልቁን ነው የምንፈልገው» አለች ሀያት። «እማ ትልቁን አምጪ ብላለች።»

እናቷ ሩክያ ከኪራሙ ተፈናቅለው ከመጡ ወዲህ ያሳላታል። ሐኪሙ ከከሰል ጭስ ራቂ አላት። አዴ ድርቤ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን በተራ ፈቀደችላቸው፤ ቦሎቄው ግን ተራቸው አልቆም አይበስልም። ይህን የሰማው አጎቷ ኢስማኢል ከዲጋ የኩከር መግዣ ላከ። እናቷ ዛሬ ጠዋት ሀያትን ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ በር ድረስ ሸኝታ፣ «አደራ፣ ትንሽ እንዳትገዢ። ሁዘይፋ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ሁለት ሦስት ሰው አስከትሎ ነው የሚመጣው» አለቻት። ማታ ማታም ገበታ ሲቀርብ መጀመሪያ የእሱን ድርሻ ክዳን ባለው ሳህን ታስቀምጣለች። ጠዋት ሀያት ትቆርሰዋለች። የወንድሟን እራት ለቁርስ መብላት ከለመደች ሰነበተች።

«እንግዲህ እናት ካለች…» ብሎ ጂሩ ትልቁን ወደ እሷ ገፋው። ሀያት ጆሮና ጆሮውን ይዛ አነሳችው። ከባድ ነበር።

«ሀያት አይደለሽም?»

ዞር ስትል ጋሼ ሙላው በሩ ላይ ቆሟል። የኪራሙ ጎረቤታቸው ነው። እነሱ መስጊድ፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ቢሄዱም፣ የእሱ በሬና የአባቷ በሬ ተቀናጅተው ነበር የሚያርሱት። ገብቶ ራሷን ደረቱ ላይ አስጠጋት። ጋቢው የኪራሙን ቤታቸውን ይሸታል፤ ሀያት ደስ አላት።

«አይ ልጄ! እግዜር ያጥናችሁ። እናትሽስ እንዴት ሆነች?» አለና ድስቱን አየ። «ለለቅሶ ቤቱ ነው? ምነው መግዛታችሁ? ድስቱ ከእድር ይመጣ የለም እንዴ?»

«የማን ለቅሶ?»

ጋሼ ሙላው ፊቱ አመድ መሰለ። «አላረዷችሁም?» አለ፤ ካለ በኋላ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ሀያት ድስቱን አላስቀመጠችም። «ሁዘይፋ ነው?»

ጋሼ ሙላው ባርኔጣውን አወለቀ። «እኛው ነን የቀበርነው፤ ካባትሽ ጎን» አለ።

ድስቱን ከእጇ የወሰደላት ናኦሚ ናት። ጂሩ ዱካ አመጣ፤ ሬዲዮውን ዘጋ። ሀያት አለቀሰች። አንድ ወንድም ነበራት፤ የለም። በአሥራ አራት ዓመቷ ይህን ያወቀችው ድስት መርጣ ልትገዛ በመጣችበት ሱቅ ነው።

ጋሼ ሙላው ውጪ ወጥቶ ስልክ ደውሎ ተመለሰና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ምነው ምላሴን በቆረጠው! ወሬውን ትናንት ለሽማግሎቹ አድርሼ፣ ዛሬ ማለዳ የተረዳችሁ መስሎኝ ነው። ድስቱንም ሳይ… አጎትሽን ሲጠብቁ ነው ለካ። ማታ ይገባል፤ ነገ ማለዳ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ይመጣሉ። ልጄ፣ በአባትሽ አፈር ይዤሻለሁ፣ እናትሽ ካንቺ እንዳትሰማ። መርዶ በአንድ ሰው፣ ያውም በልጅ አፍ፣ በባዶ ሆድ አይነገርም። ዛሬ ማታ ደህና አድርገሽ አብዪያት።»

ሀያት ይህን ታውቀዋለች። ኪራሙ እያሉ የጎረቤታቸው የሰዒዳ ባል ሲሞት፣ ሽማግሎቹ ደጅ ቆመው ሳለ፣ እናቷ ለሰዒዳ ገንፎ በእጇ ስታጎርሳት አይታለች። «ብዪ እንጂ፣ ለኔ ስትዪ» ትላት ነበር። ሰዒዳ ምንም ሳታውቅ እየሳቀች በላች። ኋላ ሀያት ለምን ብላ ስትጠይቅ፣ «ሐዘን በባዶ ሆድ አይቻልም» አለቻት እናቷ። «ከዚያ በኋላ እህል አይወርድላትም።»

ጂሩ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። «የቱን ልስጥሽ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሁለቱ ድስቶች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ናቸው። አሁን ልካቸው ትንሿ ናት። ትንሿን ይዛ ብትገባ ግን እናቷ «ለምን?» ትላታለች።

«ትልቁን» አለች።

ጂሩ በዚህ ጊዜ አልመከራትም። ትርፍ ጎማ ጨመረላትና፣ «ውሃ አብዢበት። ሲያፏጭ እሳቱን ቀንሺ» ብቻ አላት።

መንገድ ላይ ናኦሚ እስከ ቀበሌው ቦኖ ድረስ አልተናገረችም፤ ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሀያት እዚያ ፊቷን ስትታጠብ ቆማ ጠበቀቻት።

«ፊትሽ ያስታውቃል» አለች።

«ምን ልበላት?»

«ሒሳብ ወደቅኩ በያት። እኔ ሲደብረኝ ሁሌ እንደዛ ነው የምለው። ያስኬዳል።»

እናቷ ድስቱን ስታይ እንደ ልጅ ነው የፈነጠዘችው። ከደነችው፣ ከፈተችው፣ በጣቷ ቆረቆረችው። «ማሻአላህ! ይሄ ነው ድስት! ልጄ ሰው ቢያስከትልም አያሳፍረንም።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ምን ሆነሻል?»

«ሒሳብ ወደቅኩ።»

«በዚህ ነው እንዲህ ዓይንሽ የጠፋው? አብሽሪ! ፈተና ይደገማል።»

ሀያት ወደ ማድቤቱ ዞረች። እዚያ አዴ ድርቤ የራሷን ድስት ከምድጃው አውርዳ ጠበቀቻቸው። «ዛሬ ተራው የናንተ ይሁን፣ ሩክያ። እኛ የምሳውን ትራፊ እንበላለን» አለች። ቀጥላ አንድ ጣሳ ወተት አመጣች። «ጠጪው፣ ለደረትሽ ነው።» ይህን ሁሉ ስትል ቀና ብላ አላየችም። ሽማግሎቹ ለእሷ ነግረዋታል ማለት ነው፣ አለች ሀያት በሆዷ። ሩክያ ጣሳውን ተቀበለች፤ አዴ ድርቤ እስክትወጣም በዓይኗ ተከተለቻት።

ድስቱ ለመጋል ጊዜ ፈጀ፤ ጂሩ እውነቱን ነው። ሲያፏጭ ሩክያ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፣ ከዚያ በራሷ ሳቀች። ሀያት እሳቱን ቀነሰች። ጀንበር ሳትጠልቅ ቦሎቄው ቅቤ መስሎ በሰለ፤ ወጡን ሠርተው ገበታውን አቀረቡ።

እናቷ እንደ ልማዷ የሁዘይፋን ድርሻ አወጣች፤ በዛ አድርጋ። ክዳኑን ገጠመች። ከዚያ ሁለት ሦስቴ ጎርሳ እጇን ሰበሰበች።

«ብዪ እንጂ እማ።»

«በላሁ፤ ጠገብኩ።»

«ምንም አልበላሽም። ወተቱንም አልጠጣሽም።»

«በቃኝ አልኩ እኮ።»

«ብዪ፣ ለኔ ስትዪ» አለች ሀያት።

ሳታስበው ነው ያመለጣት። የእናቷ እጅ ባለበት ቀረ። ሩክያ ልጇን አየቻት። ያበጠውን ዓይኗን፣ ያልተነካውን ወተት፣ ሳትጠይቅ የተለቀቀላትን ምድጃ፣ ሁሉንም አየች። ይህን ሥራ ከማንም በላይ እሷ ታውቀዋለች።

«ሀያት።»

«አቤት እማ።»

«ሒሳብ ነው የወደቅሽው?»

ሀያት አዎ ልትል ነበር። ከንፈሯ እንቢ አላት። ልትነግራትም አልቻለችም፤ አደራ አለባት። እጇን ሰደደችና ክዳን ያለውን ሳህን ሳበች። ከፈተችው። ከወንድሟ ድርሻ ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ወደ እናቷ አፍ ዘረጋችው።

ሩክያ ጉርሻውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያረቢ፣ አለች በሹክሹክታ። ከዚያ አፏን ከፈተች።

እያኘከች እንባዋ አገጯ ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም። ሀያት ደገመቻት። ሁለቱም የሁዘይፋን ስም አልጠሩም። ሳህኑ ወደ ግማሽ ሲጎድል እናቷ ወተቱን አንስታ እንደ መድኃኒት ጨለጠችው።

«ጠዋት በሩን ማን ይከፍታል?» አለች ጣሳውን እያስቀመጠች።

«እኔ እከፍታለሁ» አለች ሀያት፤ ሌላ ጉርሻም ጠቀለለች።