መሪው በቀኝ በኩል ነው

የአለቃ ወንድም አዲስ የመጣችለትን መኪና የግራ በር ከፍቶ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ። የጨበጠው አየር ነው። መሪው በቀኝ በኩል ነበር።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቀ። መኪናዋን ከወደብ ጭኖ ያመጣው ሹፌር እንኳ ሰንሰለቱን መፍታት ትቶ ሆዱን ይዞ ቀረ። ወንድሟ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ከባሕር ማዶ፣ መኪና ሁሉ መሪው በቀኝ ከሆነበት አገር፣ በፎቶ መርጦ የገዛት እሱ ራሱ ነው፤ መርከቧ እስክትደርስም ከአፉ ሌላ ወሬ አልወጣም። ግን ማወቅና መልመድ ለየቅል ናቸው።

ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እህቱ ናት። ቤተሰቡ «አለቃ» ይላታል፤ ገና በዳዴ ከምትሄድበት ጊዜ ጀምሮ በጣቷ እየጠቆመች ሰው ታዝ ነበርና። አሁን አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ ትእዛዟ ግን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ቀለሟ ያልበሰለ ሎሚ ይመስላል፤ ዕድሜዋም ከአለቃ ይበልጣል። ሌላ ሰው ቢያያት «አሮጌ መኪና» ብሎ ያልፋታል። ወንድሟ ግን ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና እያደሰ ለዓመታት የጠበቃት እሷን ነው። ቀላል ስለሆነች ኩርባ ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች፣ ለአፈር መንገድ ውድድር እንደ እሷ ያለ አልተፈጠረም እያለ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል።

ቁልፉ ሲዞር ደግሞ መኪናዋ ራሷ ትናገራለች። አንዲት ሴት ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም በማያውቀው ቋንቋ፣ የሆነ ነገር ትላለች። ምን እንደምትል ተከራከሩ። እናታቸው ቀበቶ እሰሩ ነው የምትለው አሉ፤ ወንድሟ ስለ ነዳጅ ነው አለ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱት አባታቸው ግን አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው «ደህና ነን፣ አንቺስ እንዴት ነሽ» ሲሉ መለሱላትና ክርክሩን ዘጉት። ሰው ሰላም ሲል ዝም ማለት ነውር ነው፣ ድምፁ ከየትም ይምጣ ከየት፣ አሉ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይመልስላት አይነዳም።

በአፈር መንገድ ውድድር አንድ መኪና ሁለት ሰው ይይዛል። አንዱ ይነዳል። ሌላው ጋቢና ተቀምጦ፣ ከፊት የሚመጣውን ኩርባ ከወረቀት ላይ እያነበበ ይጠራል። «ግራ ሁለት» ካለ ወደ ግራ ክፉኛ የሚታጠፍ ኩርባ መጣ ማለት ነው፤ «ቀኝ አምስት» ካለ ወደ ቀኝ ለስለስ ያለ። ሹፌሩ ዓይኑ ሳያይ ጆሮው ቀድሞ ያውቃል። ይህን ሰው «አንባቢ» ይሉታል። የወንድሟ አንባቢ አለቃ ናት፤ የውድድሩ ክለብ አሥራ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ቢያስጠብቃትም ቦታው የማን እንደሆነ ቤት ውስጥ የሚከራከር አልነበረም።

መኪናዋ ባሕር ላይ ሳለች ሁለቱ ሳሎን ውስጥ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርገው ሲለማመዱ ከረሙ። ወንድሟ የእናታቸውን የድስት ክዳን እንደ መሪ ያጠማዝዛል፤ አለቃ ታነባለች። እናታቸው ክዳናቸውን ፍለጋ በመጡ ቁጥር «ቆይ እማዬ፣ ዳገቱን እንጨርስ» ይባላሉ። አለቃ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ አጠራሯም በሰዓቱ ነበር። እንዲህ ደስ የሚላት ሌላ ሥራ በዓለም ላይ የለም።

አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ፣ እኩያዋና የክፍሏ ተማሪ፣ ልምምዱን ልታይ መጣች። «ሬዲዮ» ነው የሚሏት፤ ከተከፈተች አትዘጋም። የዚያን ዕለት ግን ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጸጥታ ስታዳምጥ ቆየችና፣ ተጠባባቂ አንባቢ የሚያስፈልግ ከሆነ እሷም መማር እንደምትፈልግ ፈራ ተባ እያለች ተናገረች። አለቃ «ይሄ እኮ የተረጋጋ ሰው ሥራ ነው» አለቻት። እዚያ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ሬዲዮም አብራ ሳቀችና ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከሩቅ ሆነ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሲያሰናዱ አንድ ነገር ማንም ልብ አላለም፤ ወንበር አይንቀሳቀስም።

አለቃ አውቶቡስ ውስጥ አንብባ አታውቅም። አንድ ገጽ ከገለጠች ሆዷ አብሮ ይገለበጣል። ጋቢና ለተቀመጠ ሰው ግን ይተዋል ሲባል ሰምታ ነበር፤ ማመን ስለፈለገች አመነች።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መልስ ወደ አሮጌው የድንጋይ ካባ ሄዱ። ካባው ድንጋይ ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ጠመዝማዛ የአፈር መንገዱን ክለቡ ለልምምድ ይጠቀምበታል። መጀመሪያ ቀስ ብለው እየነዱ፣ በየኩርባው እየቆሙ፣ አለቃ ኩርባዎቹን ወረቀት ላይ ጻፈች። ይሄ ደህና ሆነ። ከዚያ ሄልሜት አጠለቁ፣ ቀበቶ አጠበቁ፣ ሴትዮዋን ደህና ነን አሏት፤ ወንድሟም ነዳጅ ሰጠ።

የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ልክ እንደ ሳሎኑ ጠራቻቸው። ወንድሟ በደስታ ይስቃል። ከዚያ ፊደሎቹ ወረቀቱ ላይ መዋኘት ጀመሩ። አፏ በምራቅ ሞላ፤ ግንባሯን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። ቀና ብላ መንገዱን ስታይ ቀለል አላት፤ ወደ ወረቀቱ ስትመለስ ግን የት እንደነበረች ጠፋት። ባገኘችው ሰዓት ኩርባው ፊታቸው ተገትሯል።

«ግራ ሁለት!»

ዘግይታለች። ወንድሟ ፍሬን ያዘ፣ የመኪናዋ ኋላ ተወረወረ፣ ተሽከርክረው መንገድ ዳር የተከመረ ኮረት ላይ ተደግፈው ቆሙ። አቧራው ሲሰክን ሁለቱም ደህና ነበሩ፤ መኪናዋም ከጭረት በቀር ምንም አልሆነች። ከኮረቱ ክምር ወዲያ ያለው ገደል ግን ከመስኮቱ ይታያል። አለቃ ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታ ጎንበስ አለች፤ የያዘችው ሁሉ ወጣ። ወንድሟ የድንጋጤ መሰለው።

«አይዞሽ አለቃ» አለ ጀርባዋን እያሸ። «የኔ ጥፋት ነው። በቀኝ ተቀምጬ ዓይኔ ርቀቱን መለካት አቃተው። አንቺማ ጎበዝ ነበርሽ።»

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። አፏንም ከፍታ ነበር። ግን ውድድሩ በሚቀጥለው እሑድ ነው፣ ቦታዋም ከእጇ ሊወጣ ነው። አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ «እሺ» አለች ብቻ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፤ ተረቱ ቤት እስኪደርሱ ድረስ አጽናናት።

እራት ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የአብዬን ወደ እምዬ እንዲሉ፣ የአለቃ ጥፋት በመሪው ተላከከ። ወንድሟ መሪውን ወደ ግራ ሊያዛውረው እንደሆነ ተናገረ። በያጅ የሆነ ጓደኛው ከአንድ የተጋጨ መኪና ዕቃውን አግኝቶለታል፤ ጠዋት በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለውን ላሜራ ቆርጠው ይጀምራሉ።

አባታቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፋብሪካ አንድ ወጥ አድርጎ የሠራው ብረት አንዴ ከተቆረጠ ቢበየድም እንደ ድሮው እንደማይሆን፣ እሳቸው በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ መኪና ሲሰጣቸው አልነዳም ብለው ቁልፍ እንደመለሱ ነገሩት። ባሕር አቋርጣ ደህና የገባችን መኪና በር ላይ ማረድ ምን ይሉታል አሉ።

«አባዬ፣ የምጭነው እኮ እህቴን ነው» አለ ወንድሟ። «ዓይኔን ካላመንኩት እሷን አጠገቤ አስቀምጬ እንዴት እነዳለሁ?»

አለቃ እጇን ከገበታው አነሳች። መኪናዋን የሚቆርጣት ለእሷ ብሎ ነው። እንዲህ አፍራ አታውቅም፤ ሆኖም ያን ዕለት አልተናገረችም።

ጠዋት ጋራዡ ስትደርስ በያጁ ላሜራው ላይ በጠመኔ መስመር እያሰመረ ነበር። ዳሽቦርዱ ተፈቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። መኪናዋን ወደ ብርሃኑ ጠጋ ለማድረግ ወንድሟ ቁልፉን አዞረ፤ ሴትዮዋ እንደ ልማዷ ተናገረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልመለሰላትም። ወንድሟ ወርዶ መነጽር አደረገና ብረት መቁረጫውን አነሳ።

«ወንድም ጋሼ፣ አትቁረጣት።»

«አንቺ ደግሞ እንደ አባዬ ልትሆኚ ነው?»

«ዓይንህ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ኩርባ ከምትጠራበት ድምፅ ጋር ምንም አይገናኝም። «እኔ ነኝ ዘግይቼ የጠራሁት። መኪና ሲሄድ ማንበብ አልችልም። ያስመልሰኛል። ትናንትም ደንግጬ አልነበረም።»

ወንድሟ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። በያጁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየና ቁርስ አልበላሁም ብሎ ወጣ። አፉ ዳር ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከድሮም። ጋቢና ሲሆን ይተወኛል ብዬ ነበር።»

«ትናንት ስጠይቅሽ?»

«አልጠየቅከኝም። የኔ ጥፋት ነው አልክ፣ እኔም ዝም አልኩ። ሌላ አንባቢ ትፈልጋለህ ብዬ።»

ወንድሟ ብረት መቁረጫውን መሬት አስቀምጦ ላሜራውን ተመለከተ። ቀስ ብሎ የጠመኔውን መስመር በመዳፉ ጠረገ። «ቆርጫት ቢሆን ኖሮ…» አለና አልጨረሰውም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እንባዋ መጣ፤ አላቆመችውም። ቆይቶ ወንድሟ ትከሻዋን በትከሻው ገፋ አደረጋት።

«ስንለማመድ ወንበሩን መነቅነቅ ነበረብን እኮ» አለ።

ሁለቱም ሳቁ፤ የአለቃ ሳቅ ከእንባዋ ጋር ተደባለቀ። ከዓርብ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደላት። ከዚያ መላ ፈለጉ። ወንድሟ «ማስመለስ የሚከለክል ኪኒን አለ» አለ፤ እሷ ለትምህርት ቤት ጉዞ አንድ ጊዜ ውጣው መንገዱን ሙሉ ተኝታ ነበር። «በቃልሽ አጥኚው» አለ፤ የውድድሩ መንገድ ግን የሚታየው በዕለቱ ጠዋት ነው። መላው ሁሉ አለቀ።

«በቃ፣ የዘንድሮው ይቅርብን» አለ ወንድሟ። በቅሬታ አልነበረም። ዳሽቦርዱን ሊመልስ ብሎኖቹን መሰብሰብ ጀመረ።

አለቃ ሲለቅም አየችው። ስንት ዓመት እንደጠበቀ ታውቃለች። አውቶቡስ ላይ አንገቷን ደፍታ የምታነብ ልጅም ታውቃለች። መንገዱ ሲጥላትና ሲያነሳት ሬዲዮ የቤት ሥራዋን ትጨርሳለች፤ አለቃ ከጎኗ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየች ስንት ጊዜ ቀንታባታለች። ወንድሟም ያኔ መማር እንደጠየቀች ሳያስታውስ አይቀርም። ግን ስሟን አላነሳም፤ አለቃም እንዲያነሳላት አልጠበቀችም።

«ቆይ፣ መጣሁ» ብላ ወጣች።

እነ ሬዲዮ በር ጋ ስትደርስ እግሯ ዘገየ። ወንድሟን ብትልከው እሺ ይላት ነበር። አንኳኳች። ሬዲዮ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ወጣችና ማን እንደሆነ ስታይ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ያን ቀን ሳሎን ውስጥ ያልኩሽ ነገር ነውር ነበር» አለች አለቃ። «ሰው ፊት ነው ያልኩሽ፣ አላግባብ ነው። እኔ መኪና ሲሄድ ማንበብ አልችልም፣ አንቺ ትችያለሽ። ለሚቀጥለው እሑድ ወንድሜ አንባቢ የለውም። ከፈለግሽ የማውቀውን ሁሉ አሳይሻለሁ።»

ሬዲዮ እርሳሱን ከፀጉሯ ነቀለች። በሩን ቀስ ብላ ከፈተችው።

«አንቺስ የት ትቀመጫለሽ?»

ጥያቄው አለቃን ያዛት። መልሱን ስታወጣው ግን ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ።

«እኔ አልቀመጥም። ከሰዓት አንቺ ጋቢና ትገቢያለሽ፤ እኔ ካባው አፋፍ ላይ ቆሜ አያችኋለሁ። ቶሎ በይ፣ ጫማሽን ቀይሪ፣ አቧራ ነው።»