ታንኳዋን ማን አቆማት

የመርስዔ ኀዘን ሬሳ ማክሰኞ ጠዋት ከዘንዘልማ በታች፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር አገርነሽ ስትደርስ ሰዎች አውጥተው ነጠላ አልብሰውታል። ገልጣ አየችው። ቁስል የለበትም። ከዚያ ሬሳውን ትታ ዓይኗን ወደ ዳር ጣለች።

አንዲት የደንገል ታንኳ ሾላው ግንድ ላይ ተደግፋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ውሃው ገና ከሥሯ ይንጠባጠባል። ከውስጧ የሚነጠፈው የመቀመጫ እስርም ወጥቶ እንዲደርቅ ለብቻው ድንጋይ ላይ ተሰጥቷል።

«ማን ነው ያቆማት?»

«እንዲሁ ቆማ አገኘናት» አሉ ሰዎቹ። «የአያ ገድሉ ናት።»

አገርነሽ አምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ነገሩ ካልገባት ከቆመችበት የማትነቃነቅ ሴት ናት፤ አለቆቿም በዚህ አይወዷትም።

ሟቹ ፊልም ተርጓሚ ነበር። የቄስ ልጅ ነው፤ ለቅዳሴ የተሳለው ድምፅ ማይክሮፎን ላይ ቀረ። በየሻሽወርቅ ፊልም ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ከምስሉ ሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ፣ የሩቁን አገር ነገር በአማርኛ ያወርደዋል። ጦርነቱ መጥቶ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ወዲህ ሰው የቀረው መዝናኛ ይኸው ነበር።

ፀሐይ ሳትሞቅ ሰው ታሰረ። አካሉ ይባላል፤ ከአዳማ የመጣ የፋብሪካ መካኒክ ነው። እሑድ ዕለት ፊልም ቤቱ ውስጥ «እንዲህ ያለውን ፈሪ ውሃ ውስጥ መክተት ነው» ሲል ደጅ የቆሙ ሰዎች ሰምተውታል።

ከወታደሮቹ ካምፕ መቶ አለቃ ምናሴ ደወለ። «መርስዔ ዛሬ ጠዋት እኔ ዘንድ ቀጠሮ ነበረው። የሚነግረኝ ነገር ነበር። የገደለው ሰው አፉን ሊዘጋ ነው የገደለው። ከሰዓት መኪና እልካለሁ፣ ሰውየውን አስረክቢ።»

«ሰጥሞም ሊሆን ይችላል።»

«ሰው ነው የምፈልገው፣ ኢንስፔክተር።»

ወደዚያ ካምፕ ሄዶ የተመለሰ ሰው ከተማው አያውቅም።

አገርነሽ የአካሉን ካቴና ፈታችና ወደ ሐይቁ ይዛው ወረደች።

«ከመርስዔ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ስለ ፊልም ነው ያወራነው። የሃንጋሪ ፊልም ነው፤ የድሮ፣ ጥቁርና ነጭ። ጦርነት ነው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ልጆች ደብቋል። ጓደኛው የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነው። ወታደሮቹ ደዋዩን ለነገ ጠርተውታል። ‹እኔ ዱላ አልችልም፣ እናገራለሁ› ይለዋል ቀዛፊውን። መርስዔ እዚህ ላይ ፊልሙን አቆመና ‹እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?› አለን።»

«አንተም ውሃ ውስጥ ይከተት አልህ።»

«ደወል ደዋዩን ነው ያልኩት፣ ኢንስፔክተር። የፊልም ሰው ነው።»

«እንግዲህ ለፊልም ሰው የታሰርህ የመጀመሪያው አንተ ሳትሆን አትቀርም።»

አካሉ ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ታንኳዋን ውሃ ላይ እንዲያወርዳት አዘዘችው። ትንሽ ቀዝፎ እንዲመለስ አደረገች። አካሉ ወርዶ የታንኳዋን አፍንጫ ጭቃ ላይ ጎተተና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ጨረስህ?»

«የት ነው የምትታሰረው?»

«ተዋት» አለች።

የፊልም ቤቱን ባለቤት የሻሽወርቅን ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ ስትደርብ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል።

«ሲጠይቀን፣ እኔ ልጆቹን ይዤ እሸሽ ነበር አልሁት። ሳቀብኝ። ‹ሻሽዬ፣ ወዴት? ዙሪያው ውሃ ነው› አለኝ።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«አያ ገድሉ። እሳቸው ምንም አላሉ። ሌላ ጊዜ ፊልሙ አልቆ እንኳ ውጡ ካልተባሉ አይወጡ፤ የዚያን ዕለት መጨረሻውን ሳያዩ ተነሡ። መርስዔ ጥያቄውን ሲጠይቅ እሳቸውን ብቻ ነበር የሚያይ።»

«መጨረሻውን እናንተ አያችሁ?»

«ማን ተርጉሞልን? ማይኩን ጥሎ ተከተላቸው።»

አያ ገድሉ ሰባ ያለፋቸው ታንኳ ሠሪ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ደንገል ያስራሉ። አገርነሽ ከፊታቸው ቁጢጥ አለች።

«ታንኳዎን ማን ወሰዳት?»

«እሱ ይሆናላ። ሳልሰማው።»

«ውሃ ፈርቶ ድልድይ ሲሻገር እንኳ መሐሉን ይዞ የሚሄድ ሰው?»

«ጨንቆት ነበር፣ ልጄ።»

ጎጆው ውስጥ ገመድ ላይ ሁለት ጥንድ የጎማ ጫማ ተንጠልጥሏል። የአያ ገድሉ እግር እንደ መቅዘፊያ ሰፊ ነው፤ ጫማዎቹ ጣታቸውንም አይዙ።

«የማን ናቸው?»

«የእኅቴ ልጆች። ከዱርቤቴ መጥተው ነበር። ሄዱ።»

«ባዶ እግራቸውን?»

አያ ገድሉ ቀና ሳይሉ ደንገላቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ፊልም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። «ያንን ፊልም ክፈችው» አለች የሻሽወርቅን። «መስኮት ላይ የሚያደምጥ አይጠፋም፤ ፊልሙ ያውራ።» የፊልሙ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ መናገር ጀመሩ። ጥግ ላይ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«መርስዔ ውሃ ይፈራል» አለች አገርነሽ። «ብቻውን ታንኳ ላይ አይወጣም። ስለዚህ የወጣው ከሚያምነው ሰው ጋር ነው። የሚያምነው እናንተን ሦስታችሁን ነበር።»

ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው።

«ብቻውን ወጥቶ ቢሰጥም ታንኳዋ ደንገሉ ውስጥ ተሰክታ ትገኝ ነበር። እኛ ያገኘናት ግን ቆማ ነው። አንድ ሰው ከሬሳው አጠገብ ሆኖ አወጣት፣ አቆማት፣ መቀመጫዋን ሳይቀር አሰጣው። አካሉ ጭቃ ላይ ጥሏት ሄደ፤ መቆም እንዳለባትም አያውቅ። የሻሽወርቅ የረጠበች ታንኳ ብቻዋን አታነሣም። ደንገል ውሃ ጠጥቶ ካደረ ይበሰብሳል። ሰው ገድሎ ይህን አስቦ የሚያደርግ የለም። ዕድሜውን ሁሉ ሲያደርገው የኖረ እጅ ነው ያደረገው።»

አያ ገድሉ እጆቻቸውን አዩ።

«አቁሜያታለሁ?» አሉ። «አላስታውስም።»

የሻሽወርቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምክንያቱ ጎጆዎ ውስጥ ተንጠልጥሏል» አለች አገርነሽ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሁለቱ ልጆች ሐይቁ ላይ፣ አንዱ ደሴት ውስጥ ናቸው። ካምፑ ይፈልጋቸዋል። መርስዔ እንደደበቋቸው ያውቅ ነበር፤ ወታደሮቹም ለዛሬ ጠርተውታል። በአፉ መናገር ቢያቅተው ፊልም አመጣልዎ።»

«ተከትሎኝ መጥቶ አለቀሰ» አሉ አያ ገድሉ። «‹ዱላ አልችልም› አለኝ። ‹ና፣ እነሱ ያሉበት አሻግርሃለሁ፣ አብረሃቸው ትደበቃለህ› አልሁት። አምኖኝ ዛሬ ማለዳ መጣ። ላደርገውም ነበር፣ ልጄ፣ እውነቴን ነው። ከደንገሉ ሳንወጣ ዞር ብሎ ዳሩን ደጋግሞ አየ። ቦታውን አይቶ ፈርቶ ተመልሶ ቢናገርስ አልሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጃ። ውሃው እዚያ ደረት አይሞላም ነበር። እኔ ነኝ ውሃው ውስጥ ደፍቄ የያዝሁት።»

«ሰጠመ በይ፣ አገርነሽ» አለች የሻሽወርቅ። «ውሃ በላው በይና ነገሩ ይለቅ።»

«ብያለሁ። አልሰሙኝም። ሰው ነው የሚፈልጉት። አካሉ የሚነግራቸው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ሳይነግራቸው ይሞታል። አያ ገድሉ የሚነግሯቸው አላቸው።»

ሁሉም አካሉን አዩት። እሑድ ድምፁ ደጅ ድረስ የተሰማው ሰው አሁን ፊልሙን ነው የሚያየው።

«ልጅ አለኝ» አለ።

ደጅ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። አያ ገድሉ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ አገርነሽ ዞሩ።

«አንች ልጄ፣ እኔስ ዱላውን እችለው ይሆን?»

ወታደሮቹ ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ፊልሙ አልቆመም። ቀዛፊውና ደወል ደዋዩ ጀልባ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ።

«ምን እያሉ ነው?» አለ አካሉ።

ቀዛፊው ጓደኛውን ማዶ አወረደውና ብቻውን ተመለሰ። ሌላ ነገር አልተከሰተም። እዚያ ላይ ፊልሙ አለቀ።

አገርነሽ ወደ አያ ገድሉ ጎጆ ወረደች። የካምፑ ፈታሾች ሳይደርሱ ጫማዎቹን ከገመዱ አውርዳ ብብቷ ሥር ያዘችና ዳር ድረስ ሄደች። ታንኳዋ አካሉ በተዋት ቦታ፣ ጭቃው ላይ፣ ውሃ ስትጠጣ ውላለች። ልታነሣት ሞከረች። አልተነሣችላትም። ሐይቁ ላይ ደሴቶቹ እዚህም እዚያም ጥቁር ብለው ይታያሉ። ልጆቹ የትኛው ላይ እንደሆኑ የሚያውቀው ሰው ካምፕ ውስጥ ነው፤ ወይ ይናገራል፣ ወይ ሳይናገር ይሞታል። ባዶ እግራቸውን የቀሩት ልጆች ግን ታንኳዋን እየጠበቁ ነው።