ፋሲካን ያስቀረች ጉሮሮ

ትምህርት ብዙም አልገፋሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ዓሣ ስበልት ነው። ፍቅር ግን ከሩቅ ይሸተኛል። ሐኪሙ ሃልቮርና ነርሷ ሲግሪ በልጅ ልጄ በማሪት አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ሲታገሉ ሳይ፣ «እነዚህስ አልቆላቸዋል» አልኩ በሆዴ።

ማሪት ገና አራት ዓመቷ ነው፤ የማሳድጋትም እኔ ነኝ። ጉሮሮዋ ክፉኛ አብጦ፣ የምትተነፍሰው በአፏ በገባ ቱቦ ነበር።

ፋሲካ ደርሷል። የከተማችን የበርገን ሰው ደግሞ ለፋሲካ ቤቱ አይገኝም፤ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን መኪናው ላይ አስሮ፣ ብርቱካኑን ቋጥሮ ወደ ተራራ ጎጆው ነው። ሃልቮር ሲግሪን ወደ ጎጆው ጋብዟት እሺ ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደንቆሮ አይደለሁም።

«ዛሬ ቱቦውን እናውጣው» አለ ሃልቮር። «ነቅታለች፤ በራሷም እየተነፈሰች ነው።»

«መጀመሪያ እናዳምጥ» አለች ሲግሪ።

ጉሮሮዋ ውስጥ ባለው የቱቦው ጫፍ ላይ ዙሪያውን የምትደፍን ትንሽ ፊኛ አለች። እሷን ሲያስተነፍሷት አየር በቱቦው ዳር ሽው ካለ፣ እብጠቱ ጎድሏል ማለት ነው። ሃልቮር ፊኛዋን አስተንፍሶ ጎንበስ አለ። ምንም ድምፅ የለም።

«ይሄ ምርመራ እኮ ሁልጊዜ ልክ አይሆንም» አለ።

«ሃልቮር፣ የምትቸኩለው ለጉሮሮዋ ነው ወይስ ለጎጆህ?»

ፊቱ ቀላ። «ብቻዬን አልነበረም የምሄደው» አለ ቀስ ብሎ።

እኔም ዝም ማለት አልተፈጠረብኝም፤ መሃል ገባሁ።

«ቱቦው ወጥቶ ጉሮሮዋ ቢዘጋስ?»

«እንደገና እናስገባለን። ባበጠ ጉሮሮ ግን… እምቢ ሊል ይችላል፣ እማማ ጉድሩን።»

«ታዲያ ምን አጣደፈህ፣ አንተ ልጅ?»

ማሪትን ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ሲግሪን። «ልክ ነሽ» አላት። «እብጠቱ እስኪጎድል አንነካትም። እኔም የትም አልሄድም።»

«ተረኛ እኮ አይደለህም።»

«አውቃለሁ።»

ከተማው ባዶ ሆነ። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ጎንበስ ይላል፣ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ሲግሪም ከወዲያ ማዶ ቆማ ፊቱን ታነባለች። አሁን ዓይኗን አታሸሽም።

በትንሣኤ ማግስት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። በእጁ ጠራት። ጆሮዋን ከጆሮው አጠገብ አወረደች፤ ፀጉሯ ጉንጩን ነካው።

«ሽው አለ!» አለች በሹክሹክታ።

ያኔም አልቸኮሉም። የማሪትን ትንፋሽ ፈተኑ፣ እንዳያስመልሳት ሆዷን ባዶ አደረጉ፣ ምናልባት ቢያስፈልግ ብለው ሌላ ቱቦ አዘጋጁ።

«አሁን?» አላት።

«አሁን።»

ቱቦው ወጣ። ማሪት ሳለች፣ አየር ሳበች፣ እንደ ቁራ ጮኸች። እንዴት ያለ አስቀያሚ ድምፅ! እግዜር ይመስገን።

አጠገቧ ቆመው ጠበቁ። ትንፋሿ ረግቶ ደረቴ ላይ ስትተኛ፣ ሃልቮር እጁን በአልጋው ላይ ወደ ሲግሪ ዘረጋ።

«መጀመሪያ ታጠብ» አለችው።

ሄዶ እስከ ክርኑ ታጠበ። ሲመለስ እሷም ታጥባ ነበር። እጇን ሳታደርቅ፣ እርጥቡን ሰጠችው።

እኔ እንኳ ዞር አልኩላቸው።