ክሌፖን በሱፍ ከረጢት

ቡ ካርሲኒ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ብርድ ልብሷ እስከ አገጯ ተስቦ ሞታ ተገኘች። ያን እሑድ ሱራባያ ከተማ በፀሐይ ትጠበሳለች፤ የእሷ ክፍል ግን ጥርስ የሚያንገጫግጭ ብርድ ነበር። ኤሲው የመጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ ተደርጎ ያጓራል።

ሐኪሙ የዐይኗን ሽፋን ገልጦ ደቃቅ የደም ነጠብጣቦች አሳየ።

«በትራስ ታፍና ነው። መቼ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ፤ ብርዱ ሁሉን ነገር አምታቶታል። ዓርብ ማታም ሊሆን ይችላል፣ ቅዳሜ ማታም።»

ኢንስፔክተር ዊዳንቲ ስትደርስ የሰፈሩ ፖሊሶች ገዳዩን ይዘናል ብለው ተዝናንተዋል። የሟች ወንድምና ጎረቤት ፓክ ዋሉዮ በካቴና ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። እህትና ወንድም በአጥር ላይ ባለ የማንጎ ዛፍ ከተጣሉ ሰንብተዋል። ባለፈው ሳምንት ሰፈሩ እየሰማ «አንድ ቀን ከነአይጥሽ እቀብርሻለሁ!» ብሏታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ዛሬ ያ ቃል ብቻውን ማስረጃ ሆኖበታል።

«ኢንስፔክተር፣ ነገ ስቀሉኝ» አላት። «ዛሬ ግን ከአስር ሶላት በኋላ ትቀበራለች። ከእኔ ሌላ ወንድም የላትም። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ በእጄ ልቀበላት።»

«እርስዎ ከሌሉ ማን ይወርዳል?»

«ያ ወዳጇ ጉንቱር እኔ አለሁ ብሏል አሉ። ባዕድ ያስተኛት?»

ዊዳንቲ አዘነችለት። ግን ሐዘኔታ ካቴና አይፈታም፤ ወደ ውስጥ ገባች።

መኝታ ቤቱ ውስጥ የሟች የእህት ልጅ ሬትኖ አንዲት አይጥ የምታክል ግራጫ እንስሳ በመዳፎቿ ይዛ ታለቅሳለች። ሹገር ግላይደር ከሚሏቸው፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየተንሳፈፉ ከሚዘሉት አንዷ ናት፤ ስሟ ክሌፖን። ቀዝቅዛ ደርቃለች።

«አክስቴን ተከትላ ሞተች። ሐዘን ነው የገደላት።»

«የት አገኘሻት?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በሱፍ ከረጢቷ ተጠቅልላ። ተራራ ስንወጣ ብቻ ነበር በሱፍ የምንይዛት። እዚህ አክስቴ በቀጭን የጥጥ ከረጢት ደረቷ ላይ ነው የምታንጠለጥላት።»

«ኤሲውስ?»

«አክስቴ? በላብ ብትጠመቅም አታበራውም! እነ ክሌፖን ብርድ አይችሉም።»

ዊዳንቲ እቤቷ እንዲህ ያሉ ሁለት ታሳድጋለች። ክሌፖንን ተቀብላ ከሸሚዟ ሥር ከገላዋ ጋር አጣበቀቻት።

«ብርድ ሲበዛባቸው እንደ ሬሳ ይደርቃሉ። ሳይሞቁ ሞቱ አይባልም» አለች።

ብዙ ቆይቶ ደረቷ ላይ አንድ ጥፍር ተንቀሳቀሰ። ሬትኖ በእልልታና በለቅሶ መካከል ያለ ድምፅ አወጣች። ዊዳንቲ እንስሳዋን አውጥታ መረመረቻት። የጀርባዋን ቆዳ በሁለት ጣት ሳብ አድርጋ ስትለቀው እንደተነሣ ቀረ፤ ክፉኛ ተጠምታለች። የፊት እጆቿ የዊዳንቲን ጣት ጨበጡ። የኋላ እግሮቿ ግን እንደ እርጥብ ክር ተንጠለጠሉ።

«የእንስሳት ሐኪም ጥሪላት» አለች ዊዳንቲ፤ «አክስትሽን መጨረሻ መቼ አነጋገርሻት?»

«ዓርብ ቀትር ወደ ማላንግ፣ አማቶቼ ጋ ስሄድ። ነገ የእነ ክሌፖን ውድድር ላይ ተነሥቼ የምናገረው አለኝ አለችኝ። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

ጉንቱር ሳሎን ተቀምጧል። እነዚህን እንስሳት እያራባ ከምግባቸው ጋር የሚሸጥ፣ ክሌፖንንም የሸጠ ሰው ነው። ዐይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ቅዳሜ ጠዋት ለውድድሩ ወደ ሲዶአርጆ ስሄድ በሩ ላይ አነጋግሬያታለሁ። አሞኛል፣ አልመጣም አለችኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ ጠዋት እዚያው ነበርኩ፤ ስንት ሰው ይመሰክራል።»

«ክሌፖንስ?»

«ትከሻዋ ላይ ነበረች። እኔን ስታይ ዘልላ እጄ ላይ ዐረፈች። ጤነኛ! እኔ የሸጥኳቸው ሁሉ ጤነኞች ናቸው።»

«ስለ ሌሎቹ አልጠየቅኩዎትም» አለች ዊዳንቲ። ከዚያ ወጥታ ጥቂት ስልክ ደወለች።

ስትመለስ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። አስከሬን አጣቢዎቹ ደጅ ይጠብቃሉ።

«ኤሲውን የከፈተው ሰው የሞቷን ሰዓት ሊያምታታ ነው። ግን ክሌፖን አሳዘነችው። ብርዱ እንደሚገድላት ያውቃል፤ ከሟች ደረት አውልቆ፣ የሱፍ ከረጢቱን ፈልጎ ጠቀለላት። ፓክ ዋሉዮ፣ እርስዎ ቢያገኟትስ?»

«በመጥረጊያ ነበራ የማባርራት!»

«ስለዚህ ገዳዩ አሳዳጊ ነው። ሬትኖ ከዓርብ ቀትር ጀምሮ ማላንግ ነበረች፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ጉንቱርም ቅዳሜን ሙሉ ሲዶአርጆ ነበሩ። ቡ ካርሲኒ ቅዳሜ ጠዋት በሕይወት ከነበረች ሁለቱም ነፃ ናቸው። በሕይወት አየኋት ያለን ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ክሌፖንን በመዳፏ ዘረጋቻት።

«እግሯን እዩት። ይህ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ካልሲየም የጎደለው ምግብ አጥንቷን ሲያሳሳ ሳምንታት ቆይቷል። ይህች ትናንት ጠዋት ከትከሻ ወደ እጅ ዘለለች? ከአንተ እንስሳና ምግብ የገዙ ሦስት ሰዎች ጋ ደወልኩ፤ የሁሉም እግር ሽባ ሆኗል። ቡ ካርሲኒ በሰው ሁሉ ፊት ልትናገር የነበረው ይህን ነው። አንተም ዓርብ ማታ መጥተህ አፏን ዘጋህ።»

ዊዳንቲ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዷን ሁሉም ሰምቷል። ካቴናውን ከዋሉዮ እጅ ፈትታ ለጉንቱር አጠለቀችለት። ጉንቱር ግን የሚያየው ሬትኖን ነበር፤ ክሌፖንን በጀርባዋ አስተኝታ መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ውሃ ልትሰጣት ትሞክራለች።

«እንዲያ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ውሃው ሳንባዋ ይገባል! ቀና አድርጊያት። ከአፏ ጎን፣ ጠብ ጠብ አድርጊላት። እስክትውጥ ታገሺ፤ ትንፋሽ ስጫት። ዛሬ ጠዋት መጥቼ ላወጣት ነበር፤ ቀደምሽኝ እንጂ።»

ሬትኖ እንዳላት አደረገች። ክሌፖን ዋጠች። ሰውዬው ልክ መሆኑ ዊዳንቲን አንገፈገፋት።

ፓክ ዋሉዮ የታሰረበትን እጁን እያሻሸ ጉንቱር ፊት ቆመ።

«ለእህቴስ?» አለው። «ለእህቴ ትንፋሽ አልሰጠሃትም።»

ደጅ የሚጠብቁት ሴቶች ውሃቸውን ይዘው ገቡ። ፓክ ዋሉዮም ጉድጓድ የሚወርድበትን ልብስ ሊቀይር ወደ ቤቱ ሄደ።