ለኸሊል እጅ ብቻ

ኮለምበስ ውስጥ ሰው ሳላናግር የምውልበት ቀን ብዙ ነበር። ቀን ካናል ዊንቸስተር ያለ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስጭን እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ሩምሜቴ ለሌሊት ሺፍት ወጥታለች። የተነጠፈ አልጋዋን እንጂ እሷን አላያትም። ወላሂ፣ ሱቅ ውስጥ ካሸሯ «ሃው አር ዩ» ስትለኝ ቆሜ የሆዴን ላጫውታት የቃጣኝ ቀን አለ።

ከካርቶን ልገላገል ብዬ ኮምፒውተር መማር ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ሂሊያርድ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን ልልክ ስል ላፕቶፔ ድርግም አለ።

«ያረቢ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ከጎኔ የነበረው ቀጭን ልጅ ቀና አለ።

«አብሽሪ፣ በኔ ላኪ» አለና ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ኸሊል ይባላል።

አንዱን ቁልፍ ብነካ ገጹ ጠፋ። ሌላውን ብነካ ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ።

«እንዴ! ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው?»

«ሊነክስ ነው። ለእጄ እንዲመቸኝ ብዬ ቀያይሬዋለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሊነክስ የሚሉት የኮምፒውተር ሲስተም ትንንሽ የሴቲንግ ፋይሎች አሉት፤ የቱ ቁልፍ ምን እንዲሠራ እንደሚፈልጉ እዚያ ይጽፉለታል። ኸሊል ያልነካው ነገር አልነበረም።

«ማታ ማታ ሰው ቲቪ ያያል፤ እኔ ይቺን አስተካክላለሁ።»

«ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ቢመጣስ?»

«ሌላ ሰው አይመጣም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆንን። ላፕቶፔን ጠግኖ ሊነክስ ጫነልኝ። የምወደውን ቀለም ጠይቆ ጽሑፉን አረንጓዴ አደረገልኝ።

የግራ እጄ ትንሿ ጣት ዌርሃውስ ውስጥ የካርቶን መጫኛ ፓሌት ካረፈባት ወዲህ አትታዘዘኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ጽፌ ስጨርስ ጽሑፉን ለመዝጋት የምነካው ቁልፍ ደግሞ ግራ ጥግ ላይ ነው፤ እሷን ያስቸግራታል። አንድ ቅዳሜ ኸሊል ሴቲንጌን ከፍቶ አንድ መስመር ጨመረ።

«ከእንግዲህ ጥግ አትሂጂ። ጄ የምትባለዋን ፊደል ሁለቴ ንኪ፤ ይበቃል።»

«ለምን?»

«ያቺ ጣትሽ እንዳትቸገር።»

ጣቴን አየሁ፤ እሱን አየሁ። ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም እያልኩ ሳማው፣ መቼ አይቶ? ያን ቀን ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ!

እሱ ግን አይናገርም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሚስትም አትገባም።

ትምህርቴ አልቆ ዳላስ የኮምፒውተር ሥራ ሲሰጡኝ ቀድሜ የነገርኩት ለሱ ነው። አትሂጂ እንዲለኝ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ።

ቤት ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የሚሰማኝም አልነበረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላፕቶፔን ቤት የጉዞ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ፣ እልህ ይዞኝ ባዶ እጄን ሄድኩ።

«ላፕቶፕህን አውሰኝ፤ ለዳላስ ሰዎች እሺ ብዬ ልጻፍላቸው።»

ወደ እኔ ገፋልኝ። የመጣው ይምጣ ብዬ መልሴን ጻፍኩ። ገጹ አልጠፋም፤ ስክሪኑ አልተከፈለም። ፊደሉ አረንጓዴ ነው። ጄን ሁለቴ ነካሁ፤ ታዘዘልኝ።

«ኸሊል፣ ያንተ ሁሉ የት ሄደ?»

«አጠፋሁት። ያንቺን ጫንኩበት።» እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። «ሳምንቱን ሙሉ ቁልፉ እየጠፋኝ፣ አለቃዬ አሞሃል ወይ ብሎኛል።»

«ለምን ታዲያ?»

«ሌላ ሰው ቢመጣ… ብዬ ነው።»

በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ግን እንዲሁ አልለቀውም!

«በአፍህ ንገረኝ። እኔ ማሽን አይደለሁም።»

ላይብረሪያኗን አየ፤ በሩን አየ፤ በመጨረሻ እኔን አየ።

«አትሂጂ፣ ኸውላ። ብቻዬን መሆን መሮኛል።»

«እኔንም» አልኩት።

የጻፍኩት መልስ ተዘጋጀ እንጂ ገና አልተላከም። ኸሊል ሊያጠፋው እጁን ሰደደና በድሮ ሴቲንጉ የለመደውን ቁልፍ ነካ። ጽሑፉ በመጥፋት ፈንታ ተደገመ። እንደገና ቢነካ እንደገና ተደገመ።

«ኧረ ተው! ሦስቴ ዳላስ ልትልከኝ ነው?»

ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ሰኞ ወደ ካርቶኔ እንደምመለስ አውቃለሁ። ላፕቶፑን ወደ እኔ ሳብኩና መልሱን ራሴ አጠፋሁት።