ያላማሩት ቁጥሮች

ፕሮፌሰር ኦባይዱል ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ሞተዋል። ከበላያቸው የጣሪያው ማራገቢያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሽከረከራል። ወረቀታቸው ሁሉ ወለሉን አልብሶታል፤ ወረቀት እንዳይበር የሚጫንበት የመስታወት ድንጋይም ደም እንደነካው ከወንበሩ ሥር ወድቋል።

ኢንስፔክተር ዲልሩባ ከራጅሻሂ ከተማው ኮሌጅ ስትደርስ ገዳይዋ ተይዛ ነበር። ረዳቷ ባሺር ነው እንግዲህ እንዲህ ያለው። ሸፋሊ የምትባል የሦስተኛ ዓመት የሥነ ልቦና ተማሪ በካቴና ታስራ በረንዳው ላይ ቆማለች። ከታች የክፍል ጓደኞቿ «ነፍሰ ገዳይ!» ይሏታል። የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ዲልሩባ የጣቢያዋን ጠባይ ታውቀዋለች፤ ይቺ ልጅ አንዴ መኪናው ውስጥ ከገባች ሌላ ሰው የሚፈልግ አይኖርም።

«አለቀ» አለ ባሺር። «ፕሮፌሰሩ የልኬት ደብተሯን ‹ፈጠራ ነው› ብለው ዜሮ ሰጧት። ትናንት ኮሪደር ላይ ‹አላህ ይፍረድብዎ!› ብላ ስትጮህባቸው ግቢው በሙሉ ሰምቷል። የተገደሉትም ዛሬ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«አንተን ማን ጠየቀህ? እሷ ትናገር።»

ሸፋሊ ቀና አለች። ዓይኖቿ በእልህ ቀልተዋል። «ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት እናቴ የምትሠራበት ሐር መፍተያ ነበርኩ፣ እትዬ። ለጥናቴ የለካኋቸውን ሴቶች እንደገና ለክቼ ለፕሮፌሰሩ ላሳያቸው ብዬ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው!»

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!» ባሺር ሳቀ። «የእናቷ ባልደረቦች ምን ሊሉ ኖሯል?»

ሬሳውን አምስት ሰዓት ላይ ያገኙት ተላላኪው ጋሽ ሞፊዙል ነበሩ። ጠዋቱን ከተማ የፈተና ወረቀት ሲያባዙ ቆይተዋል። «እኔንም እሰሩኝ!» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰድቡኝ ኖረዋል። ግን ይቺን ልጅ ተዉአት።»

ረዳት መምህሩ ኢምቲያዝ ግን አልጮኸም። ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው፤ አነጋገሩም እንደዚያው።

«እኔ ከሦስት እስከ አምስት ላብራቶሪ ውስጥ አርባ ተማሪዎች ስለካ ነበር። ይኸው ወረቀቱ፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጊዜ።»

«ስማቸው የታለ?»

«በጥናት ስም አይጻፍም። ፖሊስ ቤት ይህን አያስተምሩም መሰለኝ።» ፈገግ አለ። «ይልቅ የእሷን ደብተር ይዩት። ቁጥሩ ሁሉ በዜሮና በአምስት ያልቃል፤ 225፣ 230፣ 240። ሰነፍ ሲዋሽ እንዲህ ነው። በቀይ ‹ፈጠራ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው አጸደቁት። የሐር ፈታይ ልጅ ከስታቲስቲክስ ጋር ምን አገናኛት?»

«አፍህን ሰብስብ!» አለች ሸፋሊ። ባሺር በካቴናው ጎተታት።

ዲልሩባ ደብተሩንና የኢምቲያዝን ወረቀት ይዛ ወደ ሟቹ ቢሮ ተመለሰች። «ጋሽ ሞፊዙል፣ ፕሮፌሰሩ ማራገቢያው ሲሠራ ድንጋዩን ከወረቀት ላይ ያነሱት ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! እሱን የነካ ሰው አለቀለት።»

እንግዲያው ድንጋዩን ያነሳው ገዳዩ ነው። ባነሳበት ቅጽበት ወረቀቱ በረረ። ገዳዩ የሚፈልገው ወረቀት ቢኖር ከዚህ ሁሉ ትርምስ መሃል እንዴት ያገኘዋል? ዲልሩባ ወለሉ ላይ ተኝታ ከቁም ሳጥኑ ሥር እጇን ሰደደች። በሟቹ የተሰመረ አንድ ገጽ ወጣ፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉት አሃዞች ሥር የመቁጠሪያ ጭረቶች በሁለት ረድፍ። ግርጌው ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። አነበበችውና ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከዚያ መዝገብ ቤት ሄዳ አንድ ጥናት ካመሳከረች በኋላ ሁሉንም ላብራቶሪ አስገባቻቸው፤ ከሚጮኹትም አሥር ተማሪዎች አስጨመረች። ልኬቱ የሚሠራበትን ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ አቆመች። ሁለት መስመሮች አሉት፤ ጫፋቸው ላይ ያሉት ቀስቶች አንዱን ከሌላው ረዘም ያስመስሉታል። ተለኪው እኩል እስኪመስለው አንዱን ይገፋል፤ ለኪው ከጀርባ ካለው ማስመሪያ ሚሊሜትሩን ያነባል።

«ባሺር፣ አንብብ።»

«እኔ? ምን አውቄ?»

«አታውቅማ። ለዚህ ነው የምፈልግህ።»

ተማሪዎቹ እያጉረመረሙ ገፉ። ባሺር አንገቱን አስግጎ አነበበ። «230... 225... 235... 228... 240...» አሥሩም ሲያልቁ ስምንቱ በዜሮ ወይም በአምስት አልቀዋል።

«በል፣ አንተም ፈጣሪ ነህ!» አለችው ዲልሩባ።

«ወላሂ ያየሁትን ነው ያነበብኩት!»

«እሱን ነው የምለው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የልኬት ደብተሩ በዜሮና በአምስት የተሞላ ነበር። ዓይን ሲያነብ ይሰንፋል፣ ወደ ትልቁ መስመር ይወድቃል። የሸፋሊ ቁጥሮች ያላማሩት በእውነት ስለለካች ነው። ከሁለት መቶው ቁጥሮቿ አንድ መቶ አሥራ ስምንቱ በዜሮና በአምስት ያልቃሉ።» ወደ ኢምቲያዝ ዞረች። «የሚዋሽ ሰው ግን ዜሮና አምስት ያሳጡኛል ብሎ ይሸሻቸዋል። ሁለት መቶ ቁጥር ነፋስ እንኳ ቢበትነው አርባ ያህሉ በእነሱ ባለቁ ነበር። የእርስዎ የዛሬው ወረቀት ላይ ስንት አሉ? ዘጠኝ!»

የታጠፈውን ገጽ ዘረጋች። «ሸፋሊ ከጮኸችባቸው በኋላ ሽማግሌው ቁጭ ብለው ቆጠሩ። የላይኛው ረድፍ የእሷ ደብተር ነው፤ ዜሮና አምስት ላይ ተቆልሏል። የታችኛው ለዶክትሬት ውጭ የሚልክዎት ጥናት ነው፤ ከመዝገብ አውጥቼ አመሳክሬዋለሁ። እሱም እንደ ዛሬው ወረቀትዎ ዜሮና አምስትን ይሸሻል። ዛሬ ጠዋት ጠርተው አሳዩዎት። እርስዎ ድንጋዩን አነሱ፣ መቷቸው፣ ወረቀቱ ግን አመለጠዎት። የዛሬዎቹን ልኬቶች ከዚያ በኋላ ነው የፈጠሩት።»

«በቁጥር ሰው ሊሰቀል ነው?» አለ ኢምቲያዝ።

«አይሰቀልም። ከአርባዎቹ ተለኪዎች አንዱን ብቻ ያምጡልኝ፤ እግርዎ ላይ ወድቄ እሄዳለሁ።»

ኢምቲያዝ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አየ። ማንም አልተነሳም። አንዲት ልጅ ግን አጉረመረመች፦ «ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ልለማመድ መጥቼ ነበር። ላብራቶሪው ተቆልፎ ነበር።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» ባሺር ጮኸባት።

«ማን ጠየቀኝ? እናንተማ ገዳይዋን ይዘናል አላችሁ!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ባሺር ግን ካቴናውን ከሸፋሊ ፈትቶ ወደ ኢምቲያዝ እጅ ወሰደው። ኢምቲያዝ አልታገለም። «ለእሷ ሲል!» አለ ብቻ፣ በጥላቻ። «ለአንዲት ሐር ፈታይ ልጅ ሲል ሊያጠፋኝ!»

ዲልሩባ ገጹን ለሸፋሊ ሰጠቻት። ግርጌው ላይ በሟቹ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ተጽፏል፦ ልጅቷ እውነቷን ነው። ዜሮው ይሰረዝ፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ሸፋሊ ደጋግማ አነበበችው። በካቴና ስትጎተት ያላለቀሰች ልጅ አሁን ተንሰቀሰቀች።

«ዜሮውን ከመስጠታቸው በፊት ቢቆጥሩት ምን ነበረበት?» አለች። «እኔ እኮ ረግሜያቸዋለሁ፣ እትዬ። እሳቸው ለእኔ ሲቆጥሩ አመሹ፤ እኔ ስረግማቸው አደርኩ።»