የማንደፍሮን ራዲያተር ማን ጠጣው?

ያቺን ባትሪ አጥፉልኝ። አዎ፣ አጥፏት። ጨለማ ያስፈራችኋል እንዴ? ሾፌሮች አይደላችሁም? መንገዱን የዘጋው ናዳ እስኪነሳ እዚሁ ነን፤ እንቅልፍም እንደሆነ አይመጣም። እንግዲህ ስሙኝ። የማይሰማ ጋቢናው ገብቶ ይተኛ።

ጋኔን በሌሊት ነው የሚወጣው ያላችሁ ማን ነው? በሌሊት ሰው ይፈራል፣ ይጠነቀቃል። ጋኔን ሞኝ ነው? እኔ የምነግራችሁ የቀትሩን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ፣ ጥላ እግር ሥር ገብቶ ሲጠፋ፤ ቀን ስድስት ሰዓት። መንገዱ ከደጋው ወርዶ ወርዶ ቆላው ሜዳ ላይ ሲዘረጋ ታውቁታላችሁ አይደል? ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። እዚያ መሀል አንድ ደረቅ ወንዝ አለ። ድልድይ አለው፣ ውሃ የለውም።

ድሮ ነው። ማንደፍሮ የሚባል ሾፌር ነበር። የየት መንደር ሰው እንደሆነ ተዉት፤ ዘመዶቹ አሉ፣ ኋላ ነገር ይሆንብኛል። የአባቱን መሬት ሸጦ፣ የሚስቱን የአንገት ወርቅ ሸጦ አንዲት የጭነት መኪና ገዛ። ረዳት አይዝም። "ረዳት ማለት አፍ ነው" ይላል። ስስታም ነበር፤ ሙት ወቃሽ አትበሉኝ፣ ነበር። መኪናዋ ከቆመች እሱም ቆመ፣ ልጆቹም ጾማቸውን አደሩ ማለት ነው።

አንድ ቀን በቀትር ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ወጣ። አቆመ። ኮፈኑን ከፈተ። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ አድርጎ ፈታው። ባዶ! ጠብታ የለበትም። ጠዋት እኮ አፍ ድረስ ሞልቶት ነበር። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። መሬቱ ደረቅ ነው። ቱቦው ደረቅ ነው። ታዲያ ውሃው የት ሄደ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

ቺንጊያ ነው። አውቄያለሁ፣ እንደዚያ ነው የምትሉት። መካኒኩ ጋሽ ኑርሁሴንም እንደዚያው አለ። ቬንትሌተሩን የሚያዞረውን ቺንጊያ ቀየረለት። ማንደፍሮ አመስግኖ ጫነ፣ ወረደ። ድልድዩ ጋ፣ በቀትር፣ ቀይ። ባዶ። ከጀሪካኑ ሞልቶ ተመለሰ። የቆላው ውሃ ጨው ደፍኖታል ብለው ራዲያተሩን አውርደው አጠቡት። ወረደ። ባዶ። የውሃ ፓምፑን ቀየሩ። ባዶ። የውሃውን መንገድ የሚከፍት የሚዘጋውን ቴርሞስታት ነቅለው ጣሉት፤ መቼም እኛ አገር መኪና ሲያማት መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ነው፣ የሰው ሚስት የነጠቀ ይመስል። ያም አልሆነም።

በመጨረሻ ሞተሩን ከፍተው አዩት።

"ስማኝ ማንደፍሮ" አለው ጋሽ ኑርሁሴን፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ። "ውሃ ወይ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ይገባል። ወደ ውጭ ቢፈስ መሬቱ ይርስ ነበር። ወደ ውስጥ ቢገባ ዘይቱ እንደ ወተት ይነጣል፣ ጭሱም ነጭ ይሆናል። ያንተ ዘይት ንጹህ ነው።"

"እና የት ሄደ ጋሼ?"

"እኔ ምን አውቄ! የሚጠጣው ሰው አለ በለኛ!" ብሎ ሳቀ።

ማንደፍሮ ግን አልሳቀም። ለምን ይመስላችኋል?

ሰምቶ ነበራ። ባለፈው ጉዞ ሞተሩን አጥፍቶ ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ከፊት በኩል ጉርጉር የሚል ድምፅ ሰማ። የፈላ ውሃ ነው ብሎ ተወው። የጋለ ሞተር ሲጠፋ እንደሚንጎራጎር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን የፈላ ውሃ ትንፋሽ ይወስዳል? ይሄኛው ጉርጉር ይልና ያርፋል። ይተነፍሳል። ደግሞ ይቀጥላል።

ቀትሩን ላምልጠው አለ። ሳይነጋ ተነሳ። መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ፤ ሲቀይር ረፈደ። ድልድዩ ጋ ስንት ሰዓት ደረሰ? ስድስት! ወርዶ ኮፈኑን ሲከፍት፣ በራዲያተሩ አቧራ ላይ እርጥብ የእጅ ዱካ አየ። የሴት እጅ ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ትንንሽ እጆች። የልጆች።

እና ለምን አልተወውም ትሉኛላችሁ። ምን ይብላ? ልጆቹስ? ጀሪካኖቹን በንጹህ ውሃ ሞልቶ ደግሞ ወረደ። ድልድዩ ጋ መለኪያው ቀይ ሆነ። አቆመ። ጉርጉር። ዝም። ጉርጉር። በሩን በርግዶ ዘለለ።

አንዲት ሴት ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ አፏን ከታችኛው ቱቦ ላይ ገጥማ ትጠጣለች። ጥላ የላትም ልላችሁ ነበር፤ ግን በቀትር ማን ጥላ አለው? ቀና አለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ፊቷ የደከመው ሰው ፊት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

"ማን ነሽ?" አላት።

"ረሳኸኝ?"

"እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ አላውቅሽም!"

"ጀሪካኔን ገልብጬ ቆሜልህ ነበር። እዚሁ።"

በዚያ መንገድ አንድ ልማድ ነበር። የቆላው ሰው ውሃ ሲያልቅበት ባዶ ጀሪካን አፉን ወደ ታች ገልብጦ መንገድ ዳር ይቆማል። ልመና አይደለም። ያንን አይቶ የሚያልፍ ሾፌር አልነበረም፤ ያለፈ እንደሆነ እርግማኑ ከመኪናው አይወርድም ይባል ነበር። ማንደፍሮ ደግሞ እርግማን ይፈራል። ሴትዮዋ የቆመችለት ቀን፣ አሮጌውን የሞተር ማቀዝቀዣ ኩላንት ከራዲያተሩ በባልዲ አውጥቶ፣ በንጹህ ውሃ ሊተካው እዚያው ቆሞ ነበር። ያንን አረንጓዴ ፈሳሽ ታውቁታላችሁ። መርዝ ነው። ንጹህ ውሃ አልነበረውም? ነበረው፣ ጀሪካን ሙሉ። እሱ ለሞተሬ ነው አለ። ባልዲውን አንስቶ ጀሪካኗ ውስጥ ገለበጠላት።

"ይሄ ውሃ ነው?" አለችው።

"ውሃ ነው። መድኃኒት ገብቶበት ነው ቀለሙ። ጠጪ።"

እርግማን እንዳያገኘው ሰጠ፤ ንጹሁ እንዳይጎድልበት መርዝ ሰጠ። እሷስ ምን አደረገች? መረቀችው! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እጇን ዘርግታ "ውሃ አይጥፋብህ" ብላ መረቀችው። እሱም አሜን ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

"ጣፋጭ ነበር" አለችው አሁን። "ልጆቼ ተሻሙበት። እኔ ለእነሱ ይትረፍ ብዬ ጥቂት ቀመስኩ። ለዚህ ነው እነሱ የቀደሙኝ። እኔ ቆይቼ ሁሉንም አየሁ።"

ማንደፍሮ አፈሩ ላይ ተንበረከከ። "ይቅር በይኝ እህቴ፣ አላወቅኩም!"

"ታውቅ ነበር።"

ምን ይበላት? ጀሪካኖቹን ተሯሩጦ አወረደ። "ንጹህ ነው! ሁሉንም ውሰጂው!" አለ። ያኔ ከመኪናዋ ሥር ትንንሽ እጆች ወጡ። ጠጡ። ጠጡ። ጀሪካኖቹ ባዶ ቀሩ። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ጠረገች።

"ሆዳችን ውስጥ ያለውን ይሄ አያጠፋውም" አለች። ቀና ሲል እሷም የለች፣ ልጆቹም የሉ።

ማን ቀረ? ማንደፍሮ። ሞተሩ አይነሳም፣ የሚጠጣ የለም። ባዶ ጀሪካን ገልብጦ መንገድ ዳር ቆመ። መኪና መጣ፣ አለፈ። ሌላ መጣ፣ ጥሩንባ ነፍቶበት አለፈ። ለምን አለፉት? ሾፌር ነዋ! ሾፌር ጀሪካን ከያዘ ናፍጣ ነው የሚለምነው፤ ናፍጣ ደግሞ ማን ይሰጣል? እሱ ይጮሃል፣ እነሱ መስታወታቸውን ይዘጋሉ። መሸ፣ ነጋ፣ ፀሐይዋ እንደገና አናቱ ላይ ወጣች።

ምላሱ ከላንቃው ሲጣበቅ ራዲያተሩ ትዝ አለው። ምናልባት ጠብታ ቢተርፍ ብሎ ክዳኑን ፈታ። አፍ ድረስ ሞልቷል። አረንጓዴ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ንጹህ ውሃ ብቻ ነበር የሚጨምርበት፤ ይሄን ማን ሞላው? ሽታው ጣፋጭ ነው። ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ምን ያደረገ ይመስላችኋል?

ጠጣው።

አንድ መኪና ቆሞ ሲያነሱት ነፍሱ አልወጣችም ነበር። የነገርኳችሁን ሁሉ የተናገረው ያኔ ነው። ንጹህ ውሃ ወደ አፉ አስጠጉለት፤ አልዋጥ አለው፣ በጉንጩ ፈሰሰ። ልጆቹን በስም እየጠራ አመሻሹ ላይ ሞተ። ጋሽ ኑርሁሴን መኪናዋን ሊያነሳ ወረደ። ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ዳገቱን ሁሉ ሲወጣ መለኪያው ንቅንቅ አላለም።

ባለፈው ስትወጡ ድልድዩ ጋ ጀሪካን ገልብጦ የቆመ ሰው አላያችሁም? የሾፌር ኮፍያ ያደረገ፣ አፉን በፎጣ የሸፈነ? አይታችኋል። ናፍጣ ለማኝ ነው ብላችሁ አለፋችሁት። አንተ ደግሞ ጥሩንባ ነፋህበት፤ ከኋላህ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ።

ነገ ናዳው ተነስቶ ቁልቁል ስንወርድ እዚያ ስንት ሰዓት እንደምንደርስ አስሉት። ቆሞ ታገኙታላችሁ። አቁማችሁ ንጹሁን ስጡት። በእጃችሁ ካልሰጣችሁት፣ ጎንበስ ብሎ ከራዲያተራችሁ ይጠጣል። በሉ አሁን ጀሪካናችሁን ሞልታችሁ ተኙ።